ደረቁ ቧንቧ ረጥቦ የከረመበት ጊዜ

ሰኞ፣ ኤሉል 1

የሁለተኛው ክፍል ቧንቧ ዛሬ ውሃ ሞላ።

እዚህ ማቀዝቀዣ መጋዘን ለጥገና ሥራ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። በዚያ ክፍል ጣሪያ ሥር የሚሄደው የእሳት መከላከያ ቧንቧ በውስጡ አየር ብቻ ነው ያለው። ደረቅ መስመር የምንለውም ለዚህ ነው። ውሃው ውጭ ከቫልቩ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። እሳት ከተነሣ መርጫው በሙቀት ይከፈታል፣ አየሩ ይወጣል፣ ውሃውም ተከትሎ ይደርሳል። ውሃውን አስቀድሞ በውርጭ ክፍል ቧንቧ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በረዶ ነው የሚያገኘው። አሁን ክፍሉ ከታሙዝ ወር ጀምሮ ለግድግዳ እድሳት ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ሞቃት ስለሆነ ለጊዜው ክፉ ነገር የለም። ብቻ አየሩ ቀስ እያለ አምልጦ፣ ቫልቩ ለቅቆ፣ ውሃው ገባ።

አየር ሲያንስ የሚጮህ ደወል ነበረ። አልጮኸም። ፎርክሊፍት የምትነዳው ሹላሚት እየሮጠች መጥታ "ጋሼ፣ ደወሉ እኮ ከጧት ጀምሮ እየጮኸ ነው!" አለችኝ። ሹላሚት ነገር ማጋነን ትወዳለች። እኔ እዚያው ደወሉ ሥር ጀርባዬን ሰጥቼ ፓምፕ እፈታ ነበር።

የእሳት መርጫውን የሚጠግነው የስፕሪንክለር ኩባንያ ቴክኒሻን ለሆነው ለኤይታን ደወልኩለት። አላነሣም። ቆይቶ መኪና ውስጥ ሆኖ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። "ታሽኢር ራቱቭ" ይላል፤ እርጥቡን ተወው ማለቱ ነው። መሐሉን የመኪናው ድምፅ በላው። መጨረሻው ላይ መጥቼ አየዋለሁ ይላል። ለሥራ አስኪያጃችን ለዖፈር ነገርኩት። ደስ አለው።

"ውሃ ለእሳት ምን ክፋት አለው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ግን ደረቅ መስመር ረጥቦ ማየት ደስ አይልም።


ረቡዕ

ባለቤቴ ካሰች ስወጣ ከበር ላይ ትማሪም ይዘህ ግባ አለችኝ። ዕብራይስጡ ለቴምር ትማሪም ነው። ከሥራ ስመለስ ታች ካለው ሱቅ ደህና ደህናውን ቴምር መርጬ ገባሁ።

"ባሕሩ፣ እኔ እኮ ቲማቲም ነው ያልኩህ።"

በዚህ ቤት ዕብራይስጡና አማርኛው እንዲህ ተደባልቆ ማን ምኑን ይለያል አልኳት። ሳቀች። ወጡ ያለ ቲማቲም ተሠራ። ቴምሩን እሷው ጨረሰችው።


ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል

ለቧንቧው አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ጠፍቷል። ሥራ የለውም። የሞተሩ ክፍል ጸጥ ብሏል። እንዲያውም ዘንድሮ ሞተሩ ሁሉ ጸባይ ገዝቷል፤ ድሮ ያንቀጠቅጠን ነበር።

ኤይታን አልመጣም።


እሑድ፣ ኤሉል 14

ሌሊት የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ነበር። ካሰች ትከሻዬን ይዛ ስትነቀንቀኝ ነው የነቃሁት። ከጎረቤቶቻችን ጋር ደረጃው ሥር ወርደን ተቀመጥን። ሓቫ ከሦስተኛ ፎቅ በነጭ ሌሊት ልብሷ ወርዳ "አንቱ ደግሞ እንቅልፍዎ እንዴት ነው የሚከብድ!" ብላ ቀለደችብኝ። ሕሊናው ንጹሕ የሆነ ሰው እንዲህ ነው የሚተኛ አልኳት።

ካሰች ወደ ቤት እስክንመለስ እጄን ይዛ ቆየች። ድሮ በሰው ፊት እጄን አትይዝም ነበር። ሴት ልጅ ስታረጅ ፍቅሯን መግለጥ ትጀምራለች መሰለኝ። አልጠላሁትም።


ማክሰኞ፣ ኤሉል 23

የኤይታንን መልእክት ዛሬም መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ለጥፌ ሰማሁት። "ራቱቭ" የምትለው እንደ ፀሐይ ግልጥ ናት። "ታሽኢር"ም ግልጥ ናት። ከእሷ በፊት አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል፤ ነፋስ ነው፣ ወይ መሪውን ሲያዞር ነው።

ለሌላ ሰው ላሰማው አስቤ ተውኩት። ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ አገር ኖሮ ሁለት የዕብራይስጥ ቃል ያስተረጉማል ይሉኛል። ሹላሚት ብትሰማ ሳቋን አታቆምም።

ክፍሉ እንደሆነ ገና ሞቃት ነው። ጊዜ አለ።


ዓርብ፣ ቲሽሪ 11፣ የአስተሥሪዮ ማግሥት

ጾሙን በሰላም ፈታን። ቄሳችን ዘንድሮ ደክመዋል፤ ድምፃቸው ከግድግዳው አላልፍ አለ። ታመው ይሆን ብዬ ካሰችን ጠየቅኳት። "ሸምግለዋል፣ ምን ያድርጉ" አለችኝ፤ አነጋገሯ ግን ቀስ ያለ ነበር።

ልጃችን ኦዴል ከሮቫ ዩድ ቤት ሰፈር ከልጆቿ ጋር መጥታ ነበር። ምግብ ላይ ሳለን አጎንብሳ ለልጁ እያጎረሰች "አባ፣ እባክህ ኩፓት ሖሊም ሐኪም ጋ ሄደህ ጉሮሮህን ተመርመር" አለችኝ።

"ጉሮሮዬ ምን ሆነ? ደህና ነው" አልኳት።

እናትና ልጅ ተያዩ። ኦዴል አፏን ልትከፍት ስትል ካሰች በዓይኗ ከለከለቻት፣ ሳህኑንም ወደኔ ገፋችው። ስለ ጉሮሮዬ ምን ተጨነቁ? ካሳልኩ ስንት ጊዜዬ ነው።


እሑድ፣ ሔሽቫን 4

በዓሉ ሁሉ አለፈ። ግድግዳውም አለቀ። ዖፈር ቢሮው ጠርቶ በረዶ ዓሣ የጫነ መርከብ ሊገባ ነው፣ በወሩ መጨረሻ ሁለተኛውን ክፍል እናቀዘቅዛለን አለኝ። ከዖፈር ጋር መነጋገር ደስ ይለኛል። ሲናገር ፊት ለፊት ያይሃል፣ ከንፈሩም ግልጥ ነው።

"ቧንቧው ውስጥ እኮ ውሃ አለ" አልኩት።

"ኤይታን ይቀመጥ ብሏል ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ክፍሉ ሞቃት ስለነበረ ነው እንጂ።"

"ክፍሉ እስኪቀዘቅዝ ብቻ ነው ብሏል?"

ያላለውን ብሏል ማለት አልችልም። "አላለም" አልኩት።

"እንግዲያው ባለሙያው እሱ ነው። የማይረጋ ነገር ሊጨምርበት አስቦ ይሆናል።" ትከሻዬን መታ አድርጎ ሸኘኝ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ዛሬ ሁላችንም ሳቅ ላይ ነን።

ውሃውን ራሴ እንዳላፈስሰው የቫልቩ ቁልፍ የኩባንያው ነው፤ ያለ ኤይታን ቃል መንካት ክልክል ነው። የኤይታን ቃል ደግሞ ተወው የሚል ነው። ተወው ነው ያለው። ሰምቻለሁ።


ረቡዕ፣ ሔሽቫን 7

ኤይታን ሚሉኢም ተጠርቷል፤ ከተጠባባቂ ጦሩ ጋር ሰሜን ነው ያለው። በስልኬ ጽፌ ጠየቅኩት። በድምፅ መለሰልኝ። የዛሬ ልጆች መጻፍ ታክቷቸዋል። መልእክቱን ትቼ ደወልኩለት። አነሣ። ነፋሱ፣ መኪናው፣ ወታደሩ ሁሉ አብሮት ይናገራል። ስለ ሁለተኛው ክፍል ጠየቅኩት፣ ረዘም አድርጎ አስረዳኝ። ኬን፣ ኬን አልኩት፤ አዎ፣ አዎ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብዬ ያለኝን ለራሴ ልነግረው ሞከርኩ። "አሐሬይ" የምትለዋን ይዣታለሁ፤ በኋላ ማለት ናት። ከምን በኋላ እንደሆነ አልያዝኩም።

ኔትወርኩ መጥፎ ነው።


ሰኞ፣ ሔሽቫን 12

ጧት ስገባ ሹላሚትና ዘበኛው መናሼ በሩ ላይ ቆመው ያወራሉ። መናሼም የኛው ሰው ስለሆነ በአማርኛ ነው ወሬያቸው። ስደርስ ዝም አሉ። ግን ከንፈሯ ከመቆሙ በፊት አንዲት የሹላሚት ቃል ያዝኩ፤ "ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?"

ስለ ዖፈር ይሆናል። ብቻ ዖፈርን አንቱ የሚለው ሰው አላውቅም።

ዛሬ ብዙ አልጻፍኩም። ራሴን ያመኛል።


ሰንበት ከወጣ በኋላ

ዝናቡ መጣ። መስኮቱ ላይ ሲወርድ አየሁት።

ካሰች አጠገቤ ተቀምጣለች። አሁን አሁን ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነው የምትቀመጠው። ልትናገረኝ ስትፈልግ አስቀድማ ክንዴን ነካ ታደርጋለች፣ ከዚያ ዞር ብላ በፊቷ ታየኛለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወሬ ወዳድ ሆናለች፤ ሰው የተናገረውን ሁሉ "ሓቫ እኮ ልጄ ከጦር ተመለሰ አለች" እያለች ትደግምልኛለች። ድሮ ካሰች በቀን አሥር ቃል ከተናገረች ብዙ ነበር። ዝም አይነቅዝም የምትል ሴት ነበረች። ለኔ ስትል ለፍላፊ ሆነች ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ለምን ለኔ ስትል እንዳልኩ ራሴም አልገባኝም።

ሱዳን በረሃ ውስጥ ታምሜ ሳለሁ ውሃ በጨርቅ እያራሰች አፌ ውስጥ ትጨምቅልኝ ነበር። ያኔ ገና አልተጋባንም፤ እናቷ እየተቆጧት ነበር የምታደርገው። እወድሻለሁ ብያት አላውቅም። እዚህ ልጻፈው። እወዳታለሁ።

ኦዴል ያለችኝን ምርመራ መቼ እንደምሄድ ካሰች ጠየቀችኝ። ጉሮሮዬ ደህና ነው አልኳት። "ደረቁ ቧንቧ እንኳ ረጠበ" አለች፣ "ደረቁ ባሌ ነው እምቢ ያለኝ።"


ማክሰኞ፣ ሔሽቫን 20

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ነገር አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ላስበው።

ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ውሃው ይረጋል። ቧንቧው ቢፈነዳ ደግ ነው፤ ሰው ያየዋል፣ ይጮሃል፣ ይጠገናል። የሚያስፈራው ሳይፈነዳ ዝም ብሎ ከተደፈነ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ቧንቧ ነው። ሹላሚት በፎርክሊፍቷ እዚያ ውስጥ ትገባለች፣ ዓሣው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ሁሉም በካርቶንና በላስቲክ የተጠቀለለ ነው። የፎርክሊፍቱ ባትሪ አንድ ቀን ጭስ አለው ብላኝ ታውቃለች። እሳት ቢነሣ መርጫው ይከፈታል። ከዚያ ጠብ የሚል ነገር የለም። እሷም ውሃው ይመጣል ብላ ትጠብቃለች፤ ሁላችንም ይመጣል ብለን ነግረናታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ነገ ለዖፈር እነግረዋለሁ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ኤይታን ያለውን ምናልባት በትክክል አልያዝኩት ይሆናል ብዬ ነው? እንዲህ ካልኩ ሌላ ምን አልያዝክም ይለኛል። ደወሉንስ? ይለኛል። ከዚያ ወንበር ሰጥተው ሻይ አጠጥተው ቤትህ ግባ ነው። ቤት ገብቼ ምን ልሆን? መናፈሻ ወንበር ላይ ከሽማግሌ ጋር ተቀምጬ ምን ልስማ?

ምን ልስማ ብዬ ጻፍኩ። ምን ልሥራ ለማለት ነው።


ሐሙስ

አልነገርኩትም።


ማክሰኞ፣ ሔሽቫን 27

ዖፈር ከነገ ወዲያ ማቀዝቀዝ እንጀምራለን አለ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው፤ የኛ ሰው የጾምና የጸሎት በዓል፣ ስግድ ነው፤ እኔና ሹላሚት ኢየሩሳሌም ነን። "እናንተ ሂዱና ጸልዩልን፣ እሑድ ስትመጡ ውርጭ ይቀበላችኋል" አለ። ክፍሉ ወለሉ እንዳይሰነጠቅ በቀስታ ነው የሚበርደው። ሐሙስ ይጀምርና ሰንበት ማንም በሌለበት ዜሮን ያልፋል። ዓሣው እሑድ ይገባል።

"ዖፈር፣ ኤይታን እስኪመጣ ጠብቅ" አልኩት።

"አንድ ምክንያት ስጠኝና እጠብቃለሁ። ኤይታን ከልክሏል?"

አፌ ውስጥ ነበረች። እዚህ ደረሰች፣ ጥርሴ ላይ።

"አልከለከለም" አልኩት።

ፈሪ ነህ፣ ባሕሩ።


ረቡዕ

ካሰች ለመንገድ ልብስ ተኮሰች። አልበላሁም። መልእክቱን ደግሞ ሰማሁት። ራቱቭ። ራቱቭ። ከዚያ በፊት ያለችው ነገር ነፋስ አትመስልም። ነፋስ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይነፍስም።


ሐሙስ ማታ፣ ሔሽቫን 29፣ ከስግድ ተመልሰን

ካሰች ተኝታለች። ደክሟታል፤ ዛሬ ለሁለት ሰው ነው የሰማችው። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከሰፈራችን ከሮቫ ጊሜል በማለዳ በአውቶቡስ ወጣን። ጾም ነን። ከተራራው ላይ ስንደርስ ሕዝቡ ሞልቷል፣ የቄሶቹ ጥላ ከሩቅ ይታያል። ማንበብ ጀመሩ። የድምፅ ማጉያው ይጮሃል፤ ግን ጩኸት እንጂ ቃል አይደርሰኝም። እኔም የማውቀውን ጸሎት ከልቤ አወጣሁ። ሰው ሲሰግድ ሰገድኩ። ግንባሬን መሬት አድርጌ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ሹላሚት፣ ስለ ፈሪነቴ ለመንኩ።

ካሰች እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። ቀና ስል ሰው ሁሉ ቆሟል። መሬት ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ጎንበስ ብለው አነሡኝ። ፊታቸው ለፊቴ ቀርቦ ነበርና ያሉኝን አልሳትኩም፤ "እንዲህ ነው እንጂ መስገድ! የአባቶቻችን አምላክ ጸሎትህን ይስማ!"

በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ አሜን አሉ። አንዲት እናት እጄን ሳመችኝ።

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሳልሰማ ነው የቀረሁት። ከጽድቅ አይደለም። ሰው ሲነሣ ስላልሰማሁ ነው። ይህ ቃል በሆዴ ውስጥ ወጥቶ ቆመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ምንም አልጨመርኩበትም፤ ነፋስ አላልኩም፣ ኔትወርክ አላልኩም።

ሹላሚት በሕዝቡ መካከል ፈልጋ አገኘችን። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ዖፈር ለሠራተኛው ሁሉ የላከው ፎቶ ነው፤ የሁለተኛው ክፍል የሙቀት መለኪያ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል። ሹላሚት ደስ ብሏታል። እሑድ በአዲሱ ክፍል የመጀመሪያውን ጭነት የማስገባው እኔ ነኝ አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁ። የኤይታንን መልእክት ከፈትኩ።

"ካሰች" አልኳት፣ "ይህን ስሚልኝ።"

ለምን አላለችም። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ስልኩን ከጆሮዋ አስጠጋች፣ ሌላውን ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማችው። እኔ ሦስት ወር የሰማሁትን እሷ አንድ ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ዞር ብላ ፊቷን ሰጠችኝ።

"'አል ታሽኢር ራቱቭ' ነው የሚለው። እርጥቡን እንዳትተወው። አፍስሰህ ቆልፈው፣ መጥቼ አየዋለሁ ይላል።"

"አል አለ?"

"አል አለ።"

አል። በነሱም ቋንቋ በኛም ቋንቋ ያው ናት። አልበላም፣ አልሄድም ስንል ከፊት የምናስቀድማት ናት። ከእናቴ አፍ የተማርኳት ቃል ናት። ያቺን ነው ያልሰማሁ።

ለዖፈር ራሴ ደወልኩ። ካሰች ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ እምቢ አልኳት። ማንሣቱን ከስልኩ ላይ አይቼ ተናገርኩ።

"ዖፈር፣ ባሕሩ ነኝ። ኤይታን አትተወው ነው ያለው። እኔ ተወው ብዬ ነገርኩህ። አልሰማሁትም። ጆሮዬ አይሰማም። ደወሉንም ያኔ አልሰማሁትም። ክፍሉን አሁን አጥፋው። ቧንቧው ከረጋ በሹላሚት ላይ እሳት ሲነሣ አንድ ጠብታ አይወርድላትም።"

ዖፈር ተናገረ። ብዙ ተናገረ። ንዴቱ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። ያን ጊዜ ስልኩን ለካሰች ሰጠኋትና ፊቷን ማየት ጀመርኩ። ቀስ እያለች በከንፈሯ ታስተላልፍልኝ ነበር።

"እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል።"

"እርግጠኛ ነኝ በይው።"

"ዓሣውን የት ላድርገው ይላል።"

"ባሕር ውስጥ ይመልሰው በይው!"

ካሰች በዕብራይስጥ ያለችውን አይቻለሁ። "በጣም አዝኗል፣ ሌላ መጋዘን እንድትፈልግ በትሕትና ይለምንሃል" ነው ያለችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

"አጠፋው" አለችኝ።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሹላሚት እያለቀሰች ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ያለችኝን ካሰች ደገመችልኝ። "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ አውቅ ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ታላቅ ሰውን ጆሮዎ አይሰማም ብሎ እንዴት ይነግሩታል?"

እኔ ለኩራቴ ዝም አልኩ፣ እነሱ ለክብሬ ዝም አሉ። በሁለታችን ዝምታ መካከል ያቺ ልጅ እሑድ ልትገባ ነበር።


እሑድ፣ ኪስሌቭ 3

ኤይታን የጥቂት ሰዓት ፈቃድ አግኝቶ ከነወታደር ልብሱ መጣ፣ ጢሙን አልተላጨም። ቫልቩን ዘግቶ የቧንቧውን ዝቅ ያሉ ቦታዎች አንድ በአንድ ከፈትን። ውሃው ቀይ ሆኖ ወጣ፣ ዝገት ነው። አየር ያለበት ውሃ ደረቅ ቧንቧን ቶሎ ይበላዋል አለኝ፤ ሁለት ክንድ ያህል ቧንቧ ይቀየራል። ፊቴን እያየ፣ ቃሉን እየለየ ነው የሚነግረኝ። አልጮኸብኝም። ጭቅጭቅ ጠብቄ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ዝገቱ ገባብኝ አልኩት።

ዖፈር እስኪያልቅ ቆሞ አየ። ከዚያ ከፊቴ መጥቶ ቆመ።

"የጆሮ ሐኪም እስኪያይህ ድረስ ብቻህን አትሠራም" አለኝ።

"ልክ ነህ" አልኩት። አመመኝ፣ ግን ልክ ነው።

"እኔም ጆሮ ነበረኝ" አለ። "ለኤይታን አንድ ጊዜ መደወል እችል ነበር። ያልኩት እንዲሆን ስለፈለግሁ አልደወልኩም።"

ኤይታን ከመሄዱ በፊት ደወሉ አጠገብ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ገጠመ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ጠይቄ ብሆን ይነግሩኝ ነበር።

ሹላሚት አሁን የምትነግረኝ ነገር ካላት ፎርክሊፍቷን አቁማ፣ ወርዳ፣ ከፊቴ ቆማ ነው። መናሼ ግን ይጮህብኛል። እሱንም እናለማምደዋለን።


ሐሙስ፣ ኪስሌቭ 14

ሮቫ ዛይን የጆሮ ምርመራ ሄድን። ሣጥን በመሰለች ክፍል አስገብተው ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን አሉኝ። መርማሪዋ ከመስታወቱ ወዲያ ደህና ልጅ ናት፤ ደስ እንዲላት ብዬ አንዳንዴ ሳልሰማም ተጫንኩ። አወቀችብኝ፣ ጣቷን አወዛወዘችብኝ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን ብቻ ተጫንኩ፤ ጥቂት ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግራው ከሄደ ቆይቷል፣ ቀኙ ግማሹ ቀርቷል አሉኝ። የሚሰካ መሣሪያ ታዟል፣ ልኩ ሲደርስ ይጠሩኛል። ሥራዬን በተመለከተ ዖፈር ወረቀቱን አይቶ ይወስናል። ምን እንደሚወስን አላውቅም። አሁን ስጽፈው እንደ ፊቱ አያስፈራኝም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ተጨናንቋል። ካሰች ወንበር አገኘች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ብረቱን ይዣለሁ። መርማሪዋ ይህ ነገር ከጀመረዎት ብዙ ዓመት ነው ብላኝ ነበርና እሱን ሳስብ ቆየሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ካሰች ታውቅ ነበር። ሁሉን ታውቅ ነበር።

"ካሰች" አልኳት፣ "ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

አንድ ነገር አለች። አልያዝኩትም። እንደ ልማዴ ራሴን ልነቀንቅ ስል ተውኩት።

"ምን አልሽ?" አልኳት።

ካሰች በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ሰው መሐል ስንሆን እንዳታሳፍረኝ ብላ ዝም ትል ነበር፤ ይህን አሁን ነው የማውቀው። ዛሬ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች። ትከሻዬን ይዛ ወደራሷ አዞረችኝ፣ ሾፌሩ እንኳ በመስታወቱ ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ በሙሉ ድምፅዋ፦

"ነግሬህ ነበር! አልሰማህም!"

አውቶቡሱ ሁሉ ሰማ። እኔም ሰማሁ።